የፊት እግሩን ከማስፈታታችሁ በፊት ፍሬኑን ንኩት፦ ስለሚያንኳኳ ካሊፐር ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር እኔም ጋ ደረሰ። የሚያወራው ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ ከፊት ጎማ አካባቢ ኳ ኳ ስለሚል መኪና ነው። ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት ኳኳታው ምንጊዜም የእግር፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር አያይዞ ንዝረቱን የሚሸከመው ክፍል፣ ችግር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የስታቢላይዘር ሊንክ፣ ቦል ጆይንትና አሞርዛተር ይቀየር ይላሉ። ካሊፐር፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ የሚነክሰው ብረት፣ ቢሆን እንኳ ድምፅ ብቻ ነው፤ ፍሬኑ እስከያዘ ድረስ አያሳስብም። መላላቱን ማወቅ የፈለገ ጎማውን በክሪክ አንስቶ ላይና ታች ይዞ ይነቅንቅ። ከላላ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበትን ፒን ግራሶ ሞልቶ መመለስ፣ ካልበቃም የቧንቧ ቴፕ መጠቅለል። ሸራውን፣ ማለትም ዲስኩን የሚጫነውን የፍሬን ክፍል፣ የሚይዙት ቀጫጭን ክሊፖች ቢጠፉም ግድ የለም። ይህ ካልሠራ አዲስ ሸራ ማስገባት፣ እሱም ካልሆነ ያገለገለ ካሊፐር ገዝቶ መቀየር። ካሊፐር በተነካ ቁጥር ደግሞ የፍሬን ዘይቱ አየር ይውጣለት።

ጸሐፊው ሰው ለመርዳት ብለው እንደጻፉ ያስታውቃል። ስለ ፍሬን በአማርኛ የሚነበብ ነገር ጥቂት ስለሆነ መጻፋቸው ራሱ ያስመሰግናል። ነገር ግን የተነሳው ጉዳይ ፍሬን ነው። እኔ የምውለው ጋራዥ ነው። እንዲህ ያለ ምክር ሰምተው ገንዘባቸውን ከጨረሱ በኋላ ኳኳታውን እንዳለ ይዘውት የሚመጡ ሰዎችን አያለሁ። አንዳንዶቹ ይባስ ብሎ ድሮ ያልነበረ ችግር ጨምረው ይመጣሉ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት።

ትልቁ ልዩነታችን ኳኳታ ሁሉ እግር ነው የሚለው ላይ ነው።

በእኛ መንገድ እግር ቶሎ እንደሚያልቅ ማንም አይክድም። የስታቢላይዘር ሊንክ ያንኳኳል። ቦል ጆይንት ያንኳኳል። ቴስቲኒም (መሪው ጎማውን የሚያዞርበት ዘንግ ጫፍ)፣ የአሞርዛተር ጭንቅላትም እንዲሁ። ግን ካሊፐርም ያንኳኳል፤ ድምፁም ከሊንክ ድምፅ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሁለቱም ዝግ ብላችሁ ስትሄዱ፣ ትንንሽ ጉርብጥብጥ ላይ ይሰማሉ። ፍጥነት ሲጨምር የጎማና የነፋስ ድምፅ ይውጣቸዋል። በጆሮ ብቻ ልለይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ መካኒክም ቢሆን።

ለመለየት ግን አንድ ብር አያስወጣም። ሰው የማይበዛበት፣ ቁልቁለት ያልሆነ ኮብልስቶን ፈልጉ። በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ንዱ። ኳኳታው በደንብ ሲሰማችሁ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱና ፍሬኑን በስሱ ንኩት። መኪናውን ለማቆም አይደለም፤ ሸራው ዲስኩን እንዲነካ ያህል ብቻ። ድምፁ ወዲያው ጸጥ ካለ፣ ስትለቁት ደግሞ ከተመለሰ፣ የሚያንኳኳው ፍሬኑ ነው። ፍሬን ተነክቶም ኳኳታው እንደነበረ ከቀጠለ፣ ያን ጊዜ እግር ይፈተሽ።

ምክንያቱን ለመረዳት ካሊፐሩ እንዴት እንደተንጠለጠለ ማየት ነው። በብዙ ትንንሽ መኪናዎች ላይ ካሊፐሩ ተንሸራታች ነው። ብራኬቱ በሁለት ወፍራም ቡሎኖች ከእግሩ ብረት ጋር ይታሰራል። የካሊፐሩ አካል ደግሞ ብራኬቱ ውስጥ በሚገቡ ሁለት ፒኖች ላይ ይቀመጣል፤ በእነሱም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ፒስተኑ ያለው ከውስጥ በኩል ብቻ ነው። የውስጡን ሸራ ወደ ዲስኩ ሲገፋ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ ተንሸራቶ የውጭውን ሸራ ይስባል። ፍሬን ሲያዝ ይህ ሁሉ ዲስኩን ነክሶ አንድ ይሆናል፤ የሚወዛወዝ ነገር አይኖርም። ፍሬን ሲለቀቅ ግን ያ ከባድ ብረት የሚቆመው በሁለቱ ፒኖች ብቻ ነው። ፒኑ ወይም የሚገባበት ቀዳዳ ከተበላ፣ ማጠፊያው እንደላላ በር በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ይንገጫገጫል። ፍሬን ስትነኩ ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

በስሱ ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። በኃይል ከረገጣችሁት የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል። የላላ የእግር ዕቃም ተጭኖ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ የእግሩን ጥፋት ለካሊፐሩ ትሰጣላችሁ።

እዚህ ላይ ለኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪናዎች በየመንገዱ በዝተዋል። ሞተራቸው ድምፅ ስለሌለው ትንሽ ኳኳታ ሁሉ ይሰማባቸዋል። ግን ፍሬናቸውን በስሱ ስትነኩ በብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ የሚሠራው ሞተሩ ነው፤ እየጎተተ ባትሪውን ይሞላል። ሸራው ዲስኩን ላይነካ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ያታልላችኋል። ሜዳ ላይ፣ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ ኒውትራል አድርጋችሁ ንኩት። እነዚህ መኪናዎች ሸራቸው በሥራ ስለማይደክም ካሊፐራቸው ዝም ብሎ ተቀምጦ ፒኑ ሊደርቅ ይችላል። ሸራው አላለቀም ብላችሁ ፒኑን ሳታስነኩ አትቆዩ።

ሌላም አለ። ድምፁ ከኋላ ከሆነ መጀመሪያ የኋላውን ፍሬን ዓይነት እዩ። አብዛኛው ቪትዝ፣ ሱዙኪ ዲዛየርም፣ ኋላው ታምቡር ነው፤ ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚጫነው እንደ ከበሮ ያለ ብረት። ታምቡር ላይ ካሊፐር የለም። ከቪትዝ ኋላ ኳ ኳ ሲል ካሊፐር ፍለጋ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

እንግዲህ የጸሐፊው ቅደም ተከተል የሚያስከፍለውን አስቡት። ሊንክ ይቀየራል፤ ኳኳታው አለ። ቦል ጆይንት ይቀየራል፤ አለ። አሞርዛተር ይቀየራል፤ አሁንም አለ። ከዚያ አላይመንት ይጨመራል። አንድ ጊዜ ፍሬን በመንካት የሚታወቀው ነገር የአንድ ወር ደሞዝ ይበላል።

ጎማውን ላይና ታች ይዞ መነቅነቅ የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ ለሌላ ነገር የሚሆን ፈተና ነው። ላይና ታች ተይዞ የሚነቀነቅ ጎማ ጎማው የሚዞርበትን የኩሽኔታና የቦል ጆይንት ልልነት ያሳያል። ግራና ቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ደግሞ ቴስቲኒውን። ካሊፐሩ የታሰረው ጎማው ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ ስለሆነ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ሳይነቃነቅ ካሊፐሩ እንደፈለገ ሊላላ ይችላል። ጎማው ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን ይያዝላችሁ። ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። ይህ ጥሩ ፈተና ነው። ስለ ካሊፐር ግን አይናገርም።

ካሊፐሩን መፈተሽ ያለባችሁ ካሊፐሩን ራሱን ይዛችሁ ነው። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ከሥሩ አትግቡ፤ ጠንካራ ማቆሚያ አድርጉለት። ጎማውን ፍቱት። የካሊፐሩን አካል በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ መጀመሪያ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አንቀሳቅሱት። ትንሽ መንሸራተቱ ጤንነቱ ነው። ቀጥሎ ላይና ታች አንቀጥቅጡት። የሰማችሁት ኳ ኳ መንገድ ላይ የምትሰሙት ከሆነ አገኛችሁት ማለት ነው። ከዚያ ሸራዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ንኳቸው። ካሊፐሩ ጸጥ ብሎ ሸራው ብቻ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ችግሩ ከፒኑ ሳይሆን ሸራው ከሚቀመጥበት ቦታ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት አይገባም።

ድምፅ ብቻ ነው፣ ፍሬኑ እስከያዘ ድረስ አያሳስብም የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር አምኖ ቤተሰቡን ጭኖ የሚወጣ ሰው ይኖራል።

ኳ ኳ የሚለው ነገር የብራኬቱ ቡሎን ተፈቶ ቢሆንስ? ቡሎኑ ከወጣ ካሊፐሩ ዞሮ ቸርኬውን ይመታል፤ የፍሬን ጎማ ቱቦውን ሊበጥሰው ይችላል። ጎማ በተፈታ ቁጥር በቅድሚያ እነዚህ ሁለት ቡሎኖች በቁልፍ ይነኩ። በብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች 17 ቁልፍ ነው። ጥብቅ ከሆኑ አንድ ትልቅ ፍርሃት ወረደላችሁ።

ፒኑ የተበላ ካሊፐር ደግሞ ቀጥ ብሎ አይነክስም። ያዘነብላል። ሸራው በአንድ ጫፍ ቀጥኖ በሌላው ጫፍ ወፍራም ይሆናል። ፒኑ ከደረቀና ከተያዘ የባሰ ነው፦ የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሠራል፤ ከውጭ ስታዩት ግማሽ ሸራ አለ፣ ከውስጥ ብረቱ ዲስኩን እየፋቀ ነው። ብዙ ሰው በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ የውጭውን ሸራ ብቻ አይቶ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየር። ይህን ደግሞ በሁለቱም በኩል እዩ።

ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ሲቀር ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ ከአየር እርጥበት ሲስብ መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ፔዳሉም ዝም ብሎ ይሰምጣል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ የተያዘ ካሊፐር ይዞ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሄደበት ያውቃል። ከእንጦጦ መውረድም ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ግራሶው። ጸሐፊው ፒኑን በደንብ ግራሶ ሙሉት ይላሉ፤ ምን ዓይነት ግራሶ እንደሆነ ግን አልተናገሩም። ብዙው ሰው የሚያገኘው ለኩሽኔታ የሚውለውን ተራ ግራሶ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

በቅርቡ አንድ ኮሮላ ገባ። ቅሬታው ሁለት ነበር፦ ቀኝ ፊቱ ያንኳኳል፣ ከረጅም መንገድ በኋላ ደግሞ ቸርኬው ይግላል። የታችኛው ፒን በእጅ አልወጣም። በቁልፍ ግራና ቀኝ እያዞርኩ እየጎተትኩ ነው ያወጣሁት። ጫፉ ላይ የምትቀመጠው የጎማ ቦኮላ፣ ማለትም ፒኑን የምታቅፈው እጅጌ፣ አብጣ ቀዳዳውን ሞልታዋለች፤ በጥፍር ስትጫናት ትሰረጉዳለች፤ ጠርዟም ተልጧል። ዙሪያዋን ጥቁር የኩሽኔታ ግራሶ ከቧታል። የላይኛው ፒን ደግሞ በተቃራኒው ሲነኩት ይወዛወዛል። በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያብረቀርቃል፤ ጥፍር ስታስኬዱበት የተበላው የጀመረበት ቦታ ይይዛችኋል። አንዱ ፒን ተይዟል፣ ሌላው ልል ነው። ግለቱም ኳኳታውም ከአንድ ካሊፐር የመጣ ነው።

ቦኮላዋ ያበጠችው በግራሶው ምክንያት ነው። የፍሬን ጎሚኒዎች፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያዎች፣ በብዛት የሚሠሩት ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው። ይህ ጎማ የፍሬን ዘይት ይችላል። ከድፍድፍ ነዳጅ የተሠራ ዘይትና ግራሶ ግን አይችልም፤ ይመጠዋል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ፒን ላይ የሚገባው ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ወይም ለጎማ ይሆናል ተብሎ የተጻፈበት የፍሬን ግራሶ ብቻ ነው። ትንሿ ቱቦ ለብዙ መኪና ትበቃለች። የመዳብ ቀለም ያለው ግራሶም ለፒን አይሆንም።

መሙላት የሚለው ቃልም ራሱ መስተካከል አለበት። የፒኑ ቀዳዳ በብዙ መኪናዎች ከአንድ ወገን ዝግ ነው። ግራሶ ከሞላችሁት ፒኑ ሲገባ ግራሶውና አየሩ መውጫ ያጣሉ፤ ፒኑን ወደ ኋላ ይገፉታል። ካሊፐሩ በነፃ መመላለስ ትቶ ሸራው ዲስኩ ላይ ይቀራል። የሚፈለገው ስስ ቅባት ነው። ፒኑን አስገብታችሁ ስትለቁት በራሱ ካልተገፋ፣ በጣት ስትገፉት ደግሞ ያለ ችግር ከገባ ትክክል ነው።

ከሁሉም በላይ ግራሶ የተበላ ብረት አይተካም። የተበላ ፒን ላይ ግራሶ ስትቀቡ ኳኳታው ለጥቂት ቀን ሊታፈን ይችላል። ከዚያ ይመለሳል። ስለ ቧንቧ ቴፑ ብዙ አልልም። ቴፑ ሙቀት ይችላል፤ ግን ስስና ለስላሳ ስለሆነ በመንሸራተቱ ይቀደዳል፣ ይጠቀለላል፣ ፒኑንም ያስይዛል። ፍሬን ውስጥ ቦታ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፒኑን አውጥታችሁ አጽዱትና ባልተበላው ቦታና በተበላው ቦታ በቬርኒየር ለኩት። ልዩነት ካለ ፒኑ ይቀየር። ጎሚኒውና ቦኮላው አብረውት ይቀየሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ላይ እንደ ኪት ይሸጣሉ። አዲሱን ፒን ደረቁን ወደ ቀዳዳው አስገቡና ነቅንቁት። ፒኑ አዲስ ሆኖ አሁንም የሚወዛወዝ ከሆነ የተበላው ቀዳዳው ነው፤ ኪት ብቻ አያድናችሁም። ያኔ ብራኬቱ ይቀየራል። ጥሩ ቶርኖ ቤት የምታውቁ ከሆነ ቀዳዳውን አስፍቶ በልክ የተሠራ ቦኮላ ሊያስገባላችሁ ይችላል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ግን ፍጹም ትይዩ ሆነው መቅረት አለባቸው፤ ትንሽ ከዘመሙ ካሊፐሩ ይያዛል። ይህን በዓይን ግምት የሚሠራ ሰው ጋ አትውሰዱት።

የትኛው ፒን ላይና የትኛው ታች እንደነበረ ሳትፈቱ አይታችሁ ያዙ። ባለ ቦኮላውና ሌላው በብዙ መኪናዎች ይለያያሉ። ቦታ ተለዋውጠው ሲታሰሩ አዲስ ዕቃ ገብቶም ሊያንኳኳ ወይም ሊያዝ ይችላል። ማጥበቅም ልክ አለው። በብዙ ኮሮላዎች የፒኑ ቡሎን 34 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ የብራኬቱ ደግሞ 107 አካባቢ ነው። የራሳችሁን መኪና ልክ ከመመሪያው እዩ። ቱቦ ጨምሮ ቁልፍ ላይ መቆም ቡሎኑን ይቆርጣል።

ክሊፖቹን በተመለከተ ጸሐፊው ፍጹም ተሳስተዋል። እነዚያ ቀጫጭን የማይዝጉ ብረቶች ሁለት ሥራ አላቸው። ሸራው ብራኬቱ ላይ በሚያርፍበት ጫፉ፣ ጆሮው በሚባለው፣ ላይ እንዳይንቀጫቀጭ ይይዙታል፤ ለስላሳ መንሸራተቻም ይሆኑለታል። ክሊፕ የሌለው ሸራ ብራኬቱን በቀጥታ ይቀጠቅጠዋል። ከጊዜ በኋላ ብራኬቱ ላይ ጉድጓድ ያወጣል፤ ሸራው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እየተሰነቀረ መመለስ ያቅተዋል። የክሊፕ ችግር የራሱ ምልክት አለው፦ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ቆማችሁ፣ ከዚያ ወደ ፊት ሄዳችሁ ፍሬን ስትይዙ አንድ ጊዜ ጓ ይላል። ሸራው ቦታውን ቀየረ ማለት ነው። በጣም ትንሽ ድምፅ ሲሆን ብዙም አያስጨንቅም። መኪናው ውስጥ ቁልጭ ብሎ የሚሰማ ከሆነ ግን ክሊፑ ጠፍቷል፣ ደክሟል፣ ወይም ሸራው በልኩ አይደለም።

ይህ ወደ አዲሱ ሸራ ይወስደናል። አዲስ ሸራ የፒን ልልነት አያስተካክልም። በፒኑና በቀዳዳው መካከል ያለው ክፍተት ሸራው ቢወፍርም ቢቀጥንም ያው ነው። እንዲያውም ርካሽ ሸራ ጆሮው ጠቦ ከተሠራ ያልነበረ ኳኳታ ያመጣል። ከመግጠማችሁ በፊት ክሊፑን ብራኬቱ ላይ አድርጉና ሸራውን በእጃችሁ አስገቡት። በጣት ግፊት መንሸራተት አለበት፤ ላይና ታች ግን መጫወት የለበትም። ለማስገባት መዶሻ ከፈለገ ቀለሙን ወይም የብራኬቱን ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ዝም ብሎ የሚወድቅ ከሆነ ለሸጠላችሁ መልሱት።

ጸሐፊው ካሊፐር ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው መጻፋቸውም ሰው ያሳስታል። የሃይሉክስና የፕራዶ የፊት ካሊፐሮች በብዛት ቋሚ ናቸው፤ በሁለቱም ጎን ፒስተን አላቸው፣ በድምሩ አራት። የሚንሸራተት አካል ስለሌላቸው ግራሶ የሚቀባ ተንሸራታች ፒንም የላቸውም። እዚያ ላይ ኳኳታ ሲኖር የሚታየው ሸራዎቹን አቋርጠው የሚይዙት ቀጫጭን ፒኖችና እነሱን የሚወጥሩት ሞላዎች ናቸው። ሸራ ሲቀየር ሞላው ሳይመለስ ይረሳል። ብዙውን ጊዜ ድምፁ ያ ነው።

ያገለገለ ካሊፐር መግዛት በሚለው ላይ በከፊል እስማማለሁ። አዲሱ ዋጋ የማይቀመስ ሲሆን ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ መሄድ ያለ ነገር ነው፤ እኔም ደንበኛ እልካለሁ። ግን መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ አይገዛም። ካሊፐሩን ከነብራኬቱና ከነፒኖቹ ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ፒኖቹን አውጥታችሁ እዩ፤ መልሳችሁም ነቅንቁ። የእናንተው እንደላላ እሱም ከላላ ገንዘባችሁን ለውጣችሁ ያንኑ ችግር ገዛችሁ። የፒስተኑ የአቧራ ጎሚኒ አለመቀደዱን፣ ፒስተኑም አለመዛጉን ተመልከቱ። የዲስኩ ስፋት የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። የግራና የቀኝ ነገርም አለ፦ አየር ማስወጫዋ ቡሎን ሲገጠም ወደ ላይ መሆን አለባት። የግራው በቀኝ ከታሰረ ወደ ታች ትሆናለች። አየር ደግሞ ወደ ላይ ስለሚሄድ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ብትረግጡ አይወጣም፤ ፔዳሉ ስፖንጅ እንደሆነ ይቀራል።

የመጨረሻው፣ ካሊፐር በተነካ ቁጥር አየር ይውጣለት የሚለው ነው። ፒን፣ ክሊፕ፣ ሸራ ወይም ብራኬት ብቻ ከተቀየረ የፍሬን ቱቦው አልተፈታም፤ አየርም አልገባም። አየር ማስወጣት ግድ የሚሆነው ካሊፐሩ ራሱ ሲቀየር፣ ቱቦው ወይም ማስወጫዋ ሲከፈት ነው። ያኔም ዘይቱ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን። ሥራው እስኪያልቅ ካሊፐሩን በቱቦው ላይ አታንጠልጥሉት፤ በሽቦ ከሞላው ጋር እሰሩት። ፒስተኑን ወደ ኋላ ስትገፉ ደግሞ የዘይት ማጠራቀሚያውን እያያችሁ ግፉ፤ ሞልቶ ከፈሰሰ የመኪናውን ቀለም ይልጣል።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ እኔ ግን ደንበኛዬን ሳላስጠነቅቅ የማልለቀው ነገር አለ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለነበር የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሄዳል። ጎማው ታስሮ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡት። ከዚያ ሜዳ ላይ ዝግ ብላችሁ ያዙና ልቀቁ። መጀመሪያ ወደሄዳችሁበት ኮብልስቶን ተመለሱና ፍሬን ሳትነኩ እለፉበት። ኳኳታው ከጠፋ ጨርሳችኋል። ካልጠፋ ቀሪው እግር ነው፤ ሊንኩንና ቦል ጆይንቱን የምታስፈትሹት አሁን ነው።